ለአራት ጉድጓድ ማሽን

ቤንዚንና እርጥብ አፈር አንድ ላይ ሲሸቱ ምን እንደሚመስሉ እስከ ባለፈው ሰኔ ድረስ አላውቅም ነበር። ቤንዚንን ለብቻው አውቀዋለሁ፤ ራስ መኮንን ድልድይ ጥግ ቆሞ ታክሲ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። እርጥብ አፈርንም ለብቻው አውቀዋለሁ። ሁለቱ ተደባልቀው የመጡብኝ አንድ ቅዳሜ ጠዋት የልጄ ባል ቴዎድሮስ ፒያሳ ሥር እሪ በከንቱ ካለው ቤቴ ጓሮ ውስጥ የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽን አስነስቶ መሬቱን መብሳት ሲጀምር ነው። ማሽኑ ከላይ ሞተር የተቀመጠበት፣ ከሥር ደግሞ የቡሽ መንቀያ የመሰለ፣ ግን የሰው ጭን የሚያህል ጠመዝማዛ ብረት ያለው ነገር ነው። ቴዎድሮስ ገመዱን ስቦ ሲያስነሳው የሰፈሩ ውሻ በሙሉ አብሮ ተነሳ። ሽታው አፍንጫዬ ጋ ሲደርስ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ቁጭ እንዳልኩም ሃምሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። በዚህ ዕድሜ ሰው ሩቅ አገር የሚደርሰው ተቀምጦ ብቻ ነው።

ወደዚያ ሳልወስዳችሁ ግን ማሽኑ ለምን እንደመጣ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ ሽማግሌው ዘባረቀ ትላላችሁ። ብትሉም አልቀየምም። አምና በዚሁ ወራት፣ የደረቀውን የኮክ ዛፌን የሚተካ ችግኝ ልተክል ጉድጓድ ስቆፍር፣ ጉልበቴ ሳያማክረኝ ታጠፈና በገዛ እጄ በቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ዘፍ አልኩ። ጉድጓዱ ከጉልበት አይበልጥም፤ ደህና ሰው ዘሎት ያልፋል። እኔ ግን መውጣት አቃተኝ። ጎረቤቴ ብርቄ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ በቆርቆሮው አጥር በላይ ብቅ እስክትል ድረስ እንደ ተተከልኩ ቀረሁ።

«ጋሽ ታዬ፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«እየጸደቅኩ ነው።»

«እና ውሃ ላጠጣዎት ወይስ ላውጣዎት?»

አወጣችኝ። አውጥታኝ ብትተወኝ ጥሩ ነበር፤ ወዲያው ለልጄ ለማርታ ደወለች። ማርታ ከከተማው ዳር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። እናቷ ካለፈች ጀምሮ «አባዬ፣ ከኛ ጋር ግባ» ትለኛለች፤ እኔም «ጓሮዬን ለማን ትቼ?» እያልኩ ዓመታት አታልያታለሁ። ከጉድጓዱ ወዲህ ግን ማታለያዬ አለቀ። «በረንዳው ላይ ባልዲ አስቀምጥልሃለሁ፣ ጎመን ትተክላለህ» አለችኝ። ጎመን በባልዲ! እኔንስ በምን ልታስቀምጠኝ ነው? ዘንድሮ አራት ችግኝ፣ ሁለት ኮክ፣ አንድ ፕሪም፣ አንድ ሎሚ፣ ገዝቼ በር ላይ ደርድሬ ስታገኘኝ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ቴዎድሮስ ነው ያዳነኝ። የመንገድ ዳር ችግኝ ተከላ የሚኮናተር ጓደኛ አለው፤ ከሱ ማሽኑን ለአንድ ቅዳሜ ተዋሰ። ማርታም ፈረደች። «እሺ፤ በማሽን የሚሆን ከሆነ ትቆያለህ። ካልሆነ ግን አባዬ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ዕቃህን እንጭናለን። ሁለተኛ ብርቄ እንድትደውልልኝ አልፈልግም።» ቤቴ በአንድ ሞተር ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

እንግዲህ እዚያች በርጩማ ላይ ሆኜ ያየሁት ፒያሳ የዛሬው አይደለም። የዛሬውን ፒያሳ ስሄድበት መንገድ እጠይቃለሁ፤ ትናንት የነበረው ጥግ ዛሬ የለም፣ ቤቱም ሰዉም ሄዷል፣ እግሬ ግን የድሮውን መታጠፊያ ይዞ ይታጠፍና ባዶ ሜዳ ላይ ያቆመኛል። እኔ የማውቀው ዳገቱ ላይ፣ የእንጨት በረንዳ ካለው ፎቅ ሥር፣ ሁለት ሜትር በሦስት የሆነች የልብስ ስፌት ቤት የነበረችበትን ነው። እኔ ነበርኩ ሰፊው። ቤል ቦተም የመጣበት ዘመን ነው። ሱሪው ከጭን ላይ ቆዳ ነው፣ ከጉልበት በታች ድንኳን ነው። ቴትሮን፣ ገበርዲን፣ ኪሱ ከበለጠለት ካሽሚር፤ አንድ ሱሪ በአምስት ብር እሰፋ ነበር፣ ለወዳጅ አራት፣ ለቆንጆ ደግሞ ሦስት ብር ከሽልንግ። ማኪያቶ ስሙኒ ነበር፤ ባንኮኒ ላይ ክንድህን ጥለህ በቁምህ ትጠጣለህ፣ ከፍለህ ስትወጣ ጫማህ እስኪያበራ ሊስትሮው ጨርሷል። ፊት ለፊት ሸክላ ሻጩ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ያስጮኸዋል፤ እኔም በእግር የሚረገጠውን መኪናዬን በዘፈኑ ምት ስለምረግጥ፣ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቴ ይንጋደዳል። ትዝታ ሲዘፈን የሰፋሁት ሱሪ እስከ ዛሬ ሳይተረተር የለበሰው ሰው ይኖራል። አፍሮዬን አልነግራችሁም፤ በር ስገባ ጎንበስ የምለው ለሱ ብዬ ነበር። ዛሬ ጎንበስ የሚያደርገኝ ሌላ ነው።

የማርታ እናት ዘነበች ከአምስት ኪሎ ትምህርት ቤት ስትመለስ ጉርዷን ልታሳጥር ገባች። አሳጠርኩላት። በሳምንቱ እናቷ ያንኑ ጉርድ ይዘው መጡና «አስረዝምልኝ» አሉ። የተቆረጠ ጨርቅ አይረዝምም፤ ከሥሩ ሌላ ቀለም ቀጥዬ መለስኩላቸው። ያቺ ቅጥል ጉርድ ሰፈር ውስጥ ፋሽን ሆነችና ስድስት ልጆች እንደሷ አድርግልን ብለው መጡ። ዘነበች እናቷን አሸንፋለሁ ስትል ያሸነፍኩት እኔ ሆንኩ። ተጋባንና ይቺን ቤት ተከራየን፤ በኋላም በዚያው ቀረንባት። ገብተን ሳምንት ሳይሞላን «ዛፍ የሌለበት ቤት አልጋ ቤት ነው የሚመስለው፤ ኮክ እንትከል» አለችኝ። እኔም ፋራ እንዳልባል «ይሄማ ቀላል ነው» ብዬ ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ቤል ቦተሜን እንደለበስኩ፣ ከጎረቤት ዶማ ተውሼ ወጣሁ። በኖራ ክብ ሣልኩ። ለካሁ። ሦስቴ እንደመታሁ የዶማው እጀታ ተሰበረ፣ ስባሪውን ላነሳ ጎንበስ ስል የሱሪዬ መቀመጫ ተተረተረ። የገዛ ስፌቴ ነው፤ ማንን ልክሰስ?

ዘነበች ሳቋን ስትጨርስ ወደ ድልድዩ ወርዳ ጋሽ ደበላን ይዛ መጣች። ጋሽ ደበላ ዲጅኖውን፣ ያንን ቁመቱ የሰው ትከሻ የሚደርስ የቆፋሪ ብረት፣ በትከሻው ተሸክሞ ድልድዩ አጠገብ ሥራ የሚጠብቅ ሰው ነበር። የማን እንደነበረ የማይታወቅ የወታደር ካፖርት ለብሷል፤ ቁልፎቹ ግማሾቹ የሉም። ለጉድጓድ ሽልንግ ነው የሚያስከፍለው። ገባና የኖራ ክቤን አየው። ሜትሬንም አየ።

«ይሄ ምንድነው?» አለኝ።

«ልኩ ነው። ወርዱም ጥልቀቱም ስድሳ።»

«ሱሪ ልትሰፋለት ነው?»

ከዚያ መሬቱን በዲጅኖው ጫፍ ኳ፣ ኳ እያደረገ ዞረ። እየመታ ያዳምጣል። አንድ ቦታ ላይ «እዚህ የቤት መሠረት አለ» አለ፤ ቆፈረው፣ እውነትም ነበረ። ይሄ ሰፈር ከላይ አንድ ነው፣ ከሥር ሌላ ነው፤ የድሮ ጡብ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የበር ማጠፊያ፣ አንዴም የፈረስ ኮቴ ብረት አውጥቷል። ጥቁሩን የላይ አፈር በአንድ በኩል፣ ቀዩን የሥር አፈር በሌላ በኩል ከመረ። ጉድጓዱ ሲያልቅ ክብ አልነበረም፣ አራት ማዕዘን ነበር፤ እሱም አልበቃው ብሎ ግድግዳውን በዲጅኖው ወጋ ወጋ አደረገው። እኔ ሰፊ ነኝ፤ የተንጨባረረ ጠርዝ ሳይ ያመኛል።

«ጋሽ ደበላ፣ ደህናውን ሥራ ለምን ያበላሹታል?»

«አንተ ልጅ፣» አለኝ ቀና ሳይል፣ «ይሄ አፈር ሸክላ ነው። ግድግዳውን ካለሰለስከው ጋን ሆነልህ ማለት ነው። ውሃውም አይወጣ፣ ሥሩም አይወጣ። ልጅቷ ዛፍ ነው ያለችው፣ ጋን አላለችም።»

ለአንድ ጉድጓድ አንድ ቀን ተኩል ፈጀበት። ግማሹን ቀን ያወራ ነበር፣ እኛም እናወራው ነበር፤ ስፌት ቤቴን ዘግቼ ነው የዋልኩት። ኮኩ ያዘ። ፍሬው ትንንሽና ጎምዛዛ ነበር፤ የሰፈሩ ልጆች ግን አጥር እየዘለሉ ሱሪያቸውን ይቀድዱበትና የቀደዱትን ለመጣፍ እኔው ጋ ይመጡ ነበር። ዘነበች ካለፈች በሁለተኛው ዓመት ደረቀ። እኔም አብሬ መድረቅ ነበረብኝ፤ ምን እንደያዘኝ እንጃ።

«ጋሼ፣ ይመልከቱ!» ብሎ ቴዎድሮስ ሲጮህ ወደ ቅዳሜዬ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ጉድጓድ አልቋል። ማኪያቶ ታዝዞ በማይደርስበት ጊዜ ውስጥ! ክብ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ግድግዳው በብረት እንደተተኮሰ ኮሌታ ያበራል። ልዋሽ አልችልም፣ ቀናሁ። በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ንጹሕ ጠርዝ አልሰፋሁም።

«በቀን ስንት ይቆፍራል ይሄ?» አልኩት።

«መንገድ ዳር ከሆነ መቶም ሁለት መቶም። አፈሩ ተደልድሎ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ ይጠብቀዋላ።»

«የኔስ ጓሮ ተለቅሟል?»

አልተለቀመም። ሁለተኛው ላይ ብረቱ ግማሽ እንደወረደ ጡብ ነከሰ። ብረቱ ቆመ፣ ሞተሩ ግን አልቆመም፤ ስለዚህ የሚያዞረው ነገር ቢያጣ ቴዎድሮስን አዞረው። ልጁ እጀታውን እንደያዘ ተሽከርክሮ ቆርቆሮው አጥር ላይ ጓ! አለ። ብርቄ ከወዲያ ማዶ ብቅ አለች።

«ዘንድሮ ደግሞ በር ሳታንኳኩ በአጥር መግባት ጀመራችሁ?»

«ቀይ መስቀል ነሽ ወይስ ጋዜጠኛ?» አልኳት።

አብራው የመጣችው ማርታ አልሳቀችም። የባሏን ልብስ እያራገፈች አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ቴዎድሮስ ግን እልኸኛ ነው፤ የጀመረውን ደፍኖ ክንድ ያህል ወዲያ ፈቀቅ ብሎ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጨረሰ። አራተኛው ላይ እኔ ተነሳሁ። አትታዘቡኝ፤ ሰባ ስንት ዓመት የኖረ ሰው ማስተዋል አለበት ትላላችሁ፣ ግን ያ ሞተር ሲያጉረመርም አፍሮዬ ተመልሶ የበቀለ መሰለኝ። «አምጣ እስቲ፣ ይቺንማ እኔ» አልኩ። ማርታ «አባዬ!» ከማለቷ በፊት እጀታውን ይዣለሁ። ለጥቂት ጊዜ እኔ ማሽኑን ያዝኩት። ከዚያ ማሽኑ እኔን ያዘኝ። ጉድጓዱ ሊያልቅ ሲል አንድ ሥር ነክሶ ሲያጓራ ተከትዬው ዞርኩ፤ ሠርጌ ላይ እንኳን እንደዚያ አልጨፈርኩም። ቴዎድሮስ ደርሶ ሲያጠፋው ማርታ እቅፍ ውስጥ ነበርኩ፣ የእጄ አንጓ እንደ ዳቦ አብጧል።

«በቃ» አለች ማርታ። ድምጿ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አየኸው አይደል? በማሽንም አልሆነም።»

«እንዴት አልሆነም? አራት ጉድጓድ አለሽ፤ ቁጠሪ።»

«አንተን ነው የምቆጥረው አባዬ። ያለኸኝ አንድ ነህ።»

በዚያው ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፤ ማሽኑን ጭነው ሄዱ። ማርታ ከመሄዷ በፊት «ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለችኝ።

እሑድ ጠዋት ወጥቼ ሳይ አራቱ ጉድጓዶች አፋቸው ድረስ ሞልተዋል፤ ባንኮኒ ላይ እንደተደረደረ ብርጭቆ። ደህና፣ ዝናብ ዘንቧል፣ ይሰርጋል አልኩ። ሰኞም እንደዚያው ናቸው። በሩ ላይ የተደረደሩት ችግኞች ቅጠላቸውን ዘንበል አድርገው ያዩኛል፤ እኔም አያቸዋለሁ። ሸክላው በማሽኑ ተተኩሶ ጋን ሆኗል። ማሽኑ መጥፎ አይደለም፤ መቶ ጉድጓድ ለሚቆፍር፣ ለተለቀመ መሬት፣ ልጅ ጉልበት ላለው ጥሩ ነው። እኔ ጓሮ የመጣው ግን ለአራት ጉድጓድ ነው፣ ሁለት ሰው ወርውሮ አራት ጋን ሠርቶልኝ ሄደ። ቢሆንም አንድ ነገር አልካድኩም። ያንን ሁሉ አፈር እኔ ላወጣው ብል ከጉድጓዱ የሚያወጣኝ ብርቄ ሳትሆን ዕድር ነበር። በስፌትም ያው ነው፤ ረጅሙን መስመር መኪና ይሄድልሃል፣ ዘርፉንና ቁልፉን ግን በመርፌ አንድ በአንድ በእጅህ ትጨርሰዋለህ። የቀረኝ የእጅ ሥራ ነው አልኩ።

ማክሰኞ በርጩማዬን ጉድጓዱ አፍ ላይ አስጠጋሁ። ውሃውን በጣሳ ቀዳሁት፣ ከዚያ አንዱን እግሬን ወዲህ አንዱን ወዲያ አድርጌ፣ ባላበጠው እጄ አምና የቆፈርኩበትን ዲጅኖ ይዤ ግድግዳውን እየወጋሁ ማዕዘን አወጣለት ጀመር። አንድ ወግቼ አርፋለሁ፣ ሁለት ወግቼ አርፋለሁ። ከሥሩ የቀረው ውሃ ቀስ ብሎ መስረግ ሲጀምር እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። አንዱን ጨረስኩ። በርጩማውን እየጎተትኩ ሁለተኛው ጋ ሄድኩ። ሁለተኛውን ስጨርስ ረፋድ ሆኖ ነበር፤ ወደ ሦስተኛው ልሄድ ስል እግሬ የኔ አልሆነም። ወገቤ የኔ አልሆነም። ዲጅኖውን ተመርኩዤ አንዴ ሞከርኩ፣ ሁለቴ ሞከርኩ፣ ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ብርቄን መጥራት እችል ነበር። አልጠራሁም። ሁለቱን የቀሩ ጉድጓዶች እያየሁ ተቀመጥኩ፤ ውሃቸው ላይ ደመናው ያልፋል። ቀልድም አልመጣልኝ። ደከመኝ። የዛሬው ድካም የዛሬ ብቻ አልነበረም።

በሩ ሲንኳኳ ማርታ ነበረች፤ ከመሥሪያ ቤት በምሳ ሰዓት ወጥታ መጥታለች። አንጓዬን ልታይ። በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባችና ጓሮ ውስጥ አገኘችኝ። ከዲጅኖዬ ጋር፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ። እንደምትቆጣ አውቄ አንገቴን ቀበርኩ።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

ውሸት ፈለግኩ፣ አጣሁ። «ሁለቱን ጨርሻለሁ» አልኳት። «ሁለቱን አልቻልኩም። መነሳትም አልቻልኩም። ከረፋዱ ጀምሮ ተቀምጫለሁ።»

ቦርሳዋን ቆርቆሮው ላይ ሰቅላ፣ እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጋ አነሳችኝና ግድግዳውን አስደግፋ አቆመችኝ።

«የቀሩት ሁለቱ ምን ይሁኑ?»

«ድፈኛቸው» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ከባድ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን ቀለለኝ። «ፕሪሙንና ሎሚውን ለብርቄ እሰጣለሁ። የሷ መሬት ለስላሳ ነው።»

አካፋውን አነሳች። የቢሮ ጫማዋን ማውለቅ ነበረባት፣ አላወለቀችም። ሁለቱን ደፈነች፤ ከዚያ ሳልነግራት ጥቁሩን አፈር ከሥር፣ ቀዩን ከላይ እያደረገች ሁለቱን ኮኮች ተከለች። አተካከሏ ጥሩ ነው፤ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ከማለታቸው በስተቀር። አልተቸሁም። ስትጨርስ አካፋውን ተደግፋ ተነፈሰችና ቅዳሜን ልታነሳ እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁት። ቀደምኳት።

«ማርታ፣ እመጣለሁ» አልኳት። «አልከራከርሽም። ብቻ እነዚህ ሥር ይያዙ። እነሱ ሲተከሉ እኔን አትንቀዪኝ።»

«ሥር ለመያዝ ስንት ጊዜ ይፈጅባቸዋል?»

«ሦስት ክረምት።»

«ሦስት?»

«ኮክ ነገረኛ ዛፍ ነው።»

ዓይኔን ትክ ብላ አየችው። በዚህ ጓሮ ዳዴ ብላ ያደገች ልጅ ናት፤ ኮክ ባንድ ክረምት ሥር እንደሚይዝ ከኔ እኩል ታውቃለች።

«እሺ፣ ሦስት» አለችና ጭቃ የበላውን ጫማዋን ልታጥብ ወደ ቧንቧው ሄደች።